ግልጽ ደብዳቤ ለዋሽንግተን ናሽናልስ ባለቤቶችና አመራር

ለክለቡ ባለቤት ለአቶ ማርክ ሌርነርና ለቤተሰባቸው፣
ለቤዝቦል ጉዳዮች ፕሬዚዳንት ለአቶ ፖል ቶቦኒ፣
ለዋና አሰልጣኙ ለአቶ ብሌክ ቡቴራ፣
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የ2026 የውድድር ዘመንን፣ የቡድኑን መልሶ ግንባታና የተጫዋቹን የጄምስ ዉድን ውል ይመለከታል

የውድድር ዘመኑ ሊከፈት በተቃረበበት በዚህ ወቅት፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪ ደጋፊዎቻችሁ አንዱ እንደመሆኔ፣ ከዘንድሮው ቡድን ምን እንደምጠብቅና ከእናንተ ምን እንደምጠይቅ በአክብሮት ላሳውቃችሁ እወዳለሁ። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ከዩ ስትሪት በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ተሳፍረው ሜዳው ያለበት ኔቪ ያርድ የሚወርዱት ወገኖቼ እንዲያነቡት ነው፤ ለእናንተ አስተርጓሚ አይጠፋም። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ግምቴን ላስቀምጥ። ባለፈው ዓመት ቡድናችን 66 ጊዜ አሸንፎ 96 ጊዜ ተሸንፏል፤ ዘንድሮም ከ162ቱ ጨዋታዎች ከ60 እስከ 68 ያህሉን ቢያሸንፍ አይደንቀኝም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ደስታዬ ወሰን የለውም። ከዚህ የበለጠ ተስፋ እንዳላደርግ ከሚከለክሉኝ ነገሮች አንዱ ያለንበት ምድብ ነው። ፊላደልፊያን፣ ኒውዮርክ ሜትስን፣ አትላንታንና ማያሚን እያንዳንዳቸውን 13 ጊዜ እንገጥማለን። ከፊላደልፊያ ጋር ስንጫወት ብራይስ ሃርፐር፣ ትሬ ተርነርና ካይል ሽዋርበር ይጠብቁናል፤ ሜትስን ስንገጥም ሁዋን ሶቶ አለ። አራቱም የእኛን ማሊያ ለብሰው የተጫወቱ ናቸው። መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው በዋሽንግተን ደጋፊ ላይ የቆየ ቂም ያለው ይመስላል።

የዚህች ከተማ ደጋፊ ሽንፈትን መታገሥ ያውቅበታል። ሴናተርስ የተባለው የከተማዋ ቡድን በ1971 መጨረሻ ወደ ቴክሳስ ከሄደ በኋላ ዋሽንግተን ለ33 ዓመታት ያለ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ኖራለች። የሞንትሪያሉ ኤክስፖስ በ2005 ወደዚህ መጥቶ ናሽናልስ ከተባለ በኋላም በ2008 102 ጊዜ፣ በ2009 ደግሞ 103 ጊዜ ተሸንፈናል። ያኔም ቡድኑ ከመሠረቱ እየተገነባ መሆኑ ተነግሮን ታግሰን ነበር፤ ትዕግሥታችንም በሦስት ዓመት ውስጥ ተክሷል። በ2009 ስቲቨን ስትራስበርግ፣ በ2010 ብራይስ ሃርፐር ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት አንደኛ ሆነው ተመረጡ፤ በ2012 ቡድኑ 98 ጨዋታዎችን አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ።

ያንን ግንባታ የሚያስታውሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ሁለቱ የድራፍት ምርጫዎች ብቻ ያወራሉ። እኔ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ከድራፍቱ እኩል የሚከብዱ ሁለት ውሳኔዎች እንዳሉ አምናለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍም ያነሳሱኝ እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያው በዲሴምበር 2010 የተወሰነው ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት 93 ጊዜ ተሸንፎ ሳለ ለጄሰን ዋርዝ የሰባት ዓመት ውል በ126 ሚሊዮን ዶላር ሰጣችሁት። ያን ጊዜ ብዙ ባለሙያዎች ገንዘቡ ከመጠን በላይ ነው ብለው ተቹት፤ ዋርዝ ግን በኦክቶበር 2012 ከውድድር ዘመኑ በኋላ በሚደረገው ማጣሪያ ከሴንት ሉዊስ ጋር በተደረገው አራተኛ ጨዋታ፣ በዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) ከአንድ ወርዋሪ 13 ኳስ ድረስ ታግሎ በመታው ሆምረን (ከአጥር ውጪ የሚያርፍ ምት) ጨዋታውን አሸነፈልን። ሁለተኛው በዲሴምበር 2011 የተወሰነው ነው፤ አራት ወጣቶችን ለኦክላንድ ሰጥታችሁ ወርዋሪውን ጂዮ ጎንዛሌዝን አመጣችሁ፤ እርሱም በቀጣዩ ዓመት 21 ጨዋታ አሸነፈ። እንግዲህ የመጀመሪያው ግንባታ የፈጠነው ቡድኑ ገና እየተሸነፈ ሳለ ባለቤቶቹ መግዛት በመጀመራቸው፣ ከተሰበሰቡት ወጣቶችም ጥቂቱን ለዛሬ በሚጠቅም ወርዋሪ በመለወጣቸው ነው። በ2019 ውድድሩን 19 ጊዜ አሸንፎ 31 ጊዜ በመሸነፍ ጀምሮ ሂዩስተንን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን ያነሳው ቡድን፣ ዋሽንግተንም ከ1924 ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ የዋንጫ ድል፣ መሠረቱ የተጣለው በእነዚያ ዓመታት ነው።

አሁን ያለንበት ሁለተኛው ግንባታ በጁላይ 2021 መጨረሻ ማክስ ሸርዘርና ትሬ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሲሄዱ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት 2 ቀን፣ የ15 ዓመትና የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ያለውን ሁዋን ሶቶን ለሳንዲያጎ ፓድሬስ አስተላለፋችሁት፤ ያ ዓመት በ107 ሽንፈት ተጠናቀቀ። ሶቶን መሸጣችሁን ዛሬ ላይ ሆኜ አልነቅፍም። በምትኩ ከመጡት ወጣቶች ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ጄምስ ዉድና ወርዋሪው ማኬንዚ ጎር በ2025 ለኦልስታር (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ) ተመርጠዋል፤ ከአንድ ዝውውር ሦስት ኦልስታሮች ማግኘት በዚህ ሥራ ውስጥ ላለ ማንኛውም ሰው የሚያኮራ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በ2023 71 ጊዜ አሸነፍን፣ በ2024 እንደገና 71፣ በ2025 ወደ 66 ወረድን። በጁላይ 6 ቀን 2025 ዋንጫውን ያመጡትን ሥራ አስኪያጁን ማይክ ሪዞንና አሰልጣኙን ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበታችሁ። ወጣቶቹ ሲደርሱ ከጎናቸው የሚቆም፣ እንደ ዋርዝ ያለ ተጫዋች በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አልመጣም።

በጃንዋሪ ደግሞ ማኬንዚ ጎርን ለቴክሳስ ሬንጀርስ ሰጥታችሁ አምስት ወጣቶችን ተቀበላችሁ። (ሬንጀርስ ያኔ ጥሎን የሄደው ሴናተርስ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ዝውውሩ ሌላም ስሜት አለው።) ምክንያታችሁ አይጠፋኝም። የጎር ውል በእናንተ እጅ የሚቆየው እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው፤ ቡድኑ እስከዚያ ለዋንጫ ካልደረሰ ያለ ምንም ምትክ ይሄዳል። በቁጥር ሲታሰብ ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጋቪን ፊየንን የመሰለ ገና አሥራዎቹን ያልጨረሰ ሾርትስቶፕ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ወደፊት የሚያስደስተን ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ጎር ራሱ ከሶቶ ሽያጭ የተገኘ ፍሬ ነበር። ከግንባታው የተገኘው ምርጥ ወርዋሪ ለሌላ ግንባታ መነሻ ሲሆን፣ ደጋፊው የሚያየው ቡቃያውን እየሸጠ ዘር የሚገዛ ገበሬን ነው። በ2011 ወጣቶችን ሰጥታችሁ ወርዋሪ ወሰዳችሁ፤ በ2026 ወርዋሪ ሰጥታችሁ ወጣቶችን ወሰዳችሁ። አቶ ቶቦኒ ሥራውን የተረከቡት ባለፈው መኸር በመሆኑ ያለፈውን አምስት ዓመት በእርሳቸው ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ነገር ግን ከዚህ ዝውውር በኋላ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ መቆጠር መጀመሩን ማንም ሳይነግረን ተረድተናል።

መሸነፍ በድራፍቱ ቀዳሚ ምርጫ ስለሚያስገኝ ራሱ ትርፍ ያመጣል የሚለው አስተሳሰብም ዛሬ እንደ ድሮው አይሠራም። በሥራ ላይ ያለው የሊጉ ደንብ የድራፍቱን የመጀመሪያ ስድስት ምርጫዎች በዕጣ ያከፋፍላል፤ ክለቦች ገቢያቸውን ከሚጋሩበት ሥርዓት ድጎማ የማይቀበል ክለብ ደግሞ በተከታታይ ዓመታት ከዕጣው ተጠቃሚ እንዳይሆን ይከለክላል። በ2023 ሁለተኛ ሆናችሁ ዲላን ክሩስን ከመረጣችሁ በኋላ በ2024 ወደ አሥረኛ የወረዳችሁት በዚህ ምክንያት ነው። በ2025 አንደኛ ሆናችሁ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ የነበረውን ኢላይ ዊሊትስን መረጣችሁ፤ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የተሸነፍናቸው 96 ጨዋታዎች ለ2026 ድራፍት ከዕጣው አንዳች አላስገኙም። ከዚህ በላይ ባዶ ሽንፈት ምን አለ? የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነትም በዲሴምበር 1 ቀን 2026 ስለሚያበቃ፣ የዘንድሮ ሽንፈት ለወደፊት ምን ያህል ዋጋ እንደሚኖረው ዛሬ በእርግጠኝነት ሊነግረን የሚችል የለም።

በዚህ ሁሉ መካከል ወደ ሜዳው እንድሄድ የሚያደርገኝ ጄምስ ዉድ ነው። ሮክቪል ተወልዶ ኦልኒ ያደገ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ልጅ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግም የእኛ ልጆች በብዛት የሚማሩባቸው ሰፈሮችም በዚያው ካውንቲ ውስጥ ናቸው። እኛ በእግር ኳስ ያደግን ወላጆች የቤዝቦልን ሕግ የተማርነው ከልጆቻችን ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ስለ ዉድ ሲያወሩ ከጎረቤት ስለመጣ ታላቅ ወንድም እንደሚያወሩ ነው። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ወደ ግራው ሜዳ አሻግሮ የሚመታው ኳስ ሌላው ግራ መቺ ወደ ቀኝ ከሚመታው ይርቃል። ባለፈው ዓመት በጁን መጨረሻ ከሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ተጋጣሚዎቹ ኳስ ሊወረውሩለት ፈርተው አራት ጊዜ ሆን ብለው ወደ መጀመሪያው ቤዝ አሳለፉት። ይህ ከ2004ቱ ባሪ ቦንድስ ወዲህ በማንም ላይ አልደረሰም ነበር። ዓመቱን በ31 ሆምረን ጨረሰ።

ሆኖም እንደ ደጋፊ ዓይኔን መጨፈን አይገባኝም። ከ31ዱ ሆምረኖች 24ቱ የተመቱት ከኦልስታር ዕረፍት በፊት ነው። 221 ጊዜ በስትራይክአውት፣ ማለትም ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት፣ ወጥቷል፤ ይህ ማርክ ሬይኖልድስ በ2009 ካስመዘገበው የምንጊዜም ከፍተኛ ቁጥር በሁለት ብቻ ያነሰ ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ወርዋሪዎች ድክመቱን አግኝተውበት ነበር፤ እርሱም መልስ ሳያገኝላቸው ዓመቱ አለቀ። የዘንድሮው ትልቁ ጥያቄ ለእኔ ይህ ነው፤ አቶ ቡቴራና የመምታት አሰልጣኞቻቸው ስትራይክአውቱን ወደ 180 ገደማ ዝቅ ማድረግ ከቻሉ፣ ቡድኑ 100 ጊዜ ቢሸነፍ እንኳ ዓመቱ አልባከነም እላለሁ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ ልናገር። ክሩስ በኮሌጅ ሳለ እጅግ የተደነቀ መቺ ነበር፤ በ2025 ግን በጉዳት ተስተጓጉሎ የመምታት አማካዩ .208 ላይ ቀረ፤ ሙሉ ጤነኛ ዓመት ይገባዋል፣ ከዚያ በፊት ፍርድ መስጠት አልፈልግም። ዴይለን ላይል በመጀመሪያ ዓመቱ .299 መትቶ 11 ትሪፕል (እስከ ሦስተኛው ቤዝ የሚያደርስ ምት) ማስመዝገቡ የዓመቱ ያልተጠበቀ ደስታ ነበር፤ ሲሮጥ ማየት ብቻውን የቲኬቱን ዋጋ ያወጣል። ኤብራምስ 19 ሆምረንና 31 የቤዝ ስርቆት ይዞ ጨርሷል፤ ሾርትስቶፕ ላይ የሚሠራው ስህተት ግን አሁንም ያስጨንቀኛል። ስሙ በዝውውር ወሬ ሁሉ ይነሳል፤ እርሱም ከሄደ የሶቶ ዝውውር የቀረን ትልቅ ቅርስ ዉድ ብቻ ይሆናል። የሦስተኛው ቤዝ ተጫዋች ብሬዲ ሃውስ ገና ነው።

ወርዋሪዎቹ ግን ያሳስቡኛል። ባለፈው ዓመት ያስቆጠሩብን ነጥብ ከሊጉ እጅግ ደካሞች ተርታ ያሰለፈን ሲሆን፣ ጨዋታ ለመዝጋት ከኋላ የሚገቡት ደግሞ መሪነትን ይዘው መጨረስ የቸገራቸው ነበሩ። ከእነርሱ የተሻለውን ሆዜ ፌሬርን ለሲያትል ሰጥታችሁ ተቀባዩን (ከመቺው ኋላ ሆኖ የተወረወረውን ኳስ የሚይዘውን) ሃሪ ፎርድን አምጥታችኋል፤ ይህን ዝውውር እደግፋለሁ፤ በየዕለቱ የሚጫወት ተቀባይ አልፎ አልፎ ከሚገባ ወርዋሪ ይበልጣልና። ተቀባይ በዘንድሮው ደንብ ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል፤ የዳኛን የኳስና የስትራይክ ውሳኔ በካሜራ ማስመርመር ስለተፈቀደና ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ያልሰመሩ ሙከራዎች ብቻ ስለተመደቡ፣ መቼ መጠየቅ እንደሚገባ በአመዛኙ የሚያውቀው ተቀባዩ ይሆናል። ከወርዋሪዎቹ ዓይኔን የጣልኩት በኬድ ካቫሊ ላይ ነው። የክርን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሁለት ዓመት በላይ ከሜጀር ሊግ ርቆ በኦገስት 2025 የተመለሰ ሰው በመሆኑ፣ ስንት ጨዋታ አሸነፈ ብዬ አልቆጥርም፤ ዓመቱን በሙሉ ጤንነት ቢጨርስ ይበቃኛል።

ጎረቤታችንን ባልቲሞርን ሳትመለከቱ እንደማትቀሩ አምናለሁ። ኦሪዮልስ በ2018 115 ጊዜ፣ በ2021 ደግሞ 110 ጊዜ ተሸንፎ በ2023 101 ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ ሁላችሁም መንገዱ ይህ ነው ሳትሉ አትቀሩም። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክም አብሮ ማየት ይገባል። በ2023 እና በ2024 ወደ ማጣሪያው ገብቶ የተጫወታቸውን አምስቱንም ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ በ2025 ወደ 75 ድል ወረደ። በራሱ ያሳደጋቸው ወጣቶች ብቻቸውን እንደማያደርሱት የተረዳ ይመስለኛል፤ ባለፈው ዲሴምበር ለፒት አሎንሶ የአምስት ዓመት ውል በ155 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። እናንተ ይህን ትምህርት በ2010 ታውቁት ነበር።

ቀደም ሲል ላለመግዛት የሚቀርቡ ምክንያቶች ነበሩ። ክለቡ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ ገዢ ሲያፈላልግ ስለነበር ረጅም ውል መግባት አስቸጋሪ መሆኑ ይገባን ነበር፤ አቶ ማርክ ሌርነር በፌብሩዋሪ 2024 ክለቡ እንደማይሸጥ ተናግረዋል። ከባልቲሞር ጋር ከአሥር ዓመት በላይ በፍርድ ቤት የቆየው የቴሌቪዥን ገቢ ክርክርም በማርች 2025 በስምምነት ተቋጭቷል። ሁለቱ እንቅፋቶች ከተነሡ በኋላ የቀረው የእናንተ ፈቃድ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለጄምስ ዉድ አሁኑኑ፣ ገና በእጃችሁ ሳለ፣ ረጅም ውል እንድታቀርቡለት ነው። በደንቡ መሠረት እስከ 2030 ከእናንተ ጋር ይቆያል፤ ጊዜ ያለ ይመስላል፤ ለሶቶም ጊዜ ያለ ይመስል ነበር። ያ 440 ሚሊዮን ዶላር አልበቃ ያለው ሶቶ በዲሴምበር 2024 ከሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሟል። የዉድ ዋጋም በየዓመቱ ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የደረሰበት ድካም ለእናንተ መደራደሪያ፣ ለእርሱም ዋስትና የሚፈልግበት ምክንያት ሊሆን ይችላልና ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ውሉን አልቀበልም ቢል እንኳ፣ ያቀረባችሁለትን ደጋፊው ቢያውቀው መልካም ነው። በየቤታችን የሶቶ 22 ቁጥርና የጎር 1 ቁጥር ማሊያዎች ተሰቅለዋል፤ አሁን ልጆቻችን የሚጠይቁን 29 ቁጥርን ነው፤ ወላጆችም ከመግዛታችን በፊት የእናንተን ሐሳብ ብናውቅ ደስ ይለናል።

ሁለተኛው፣ ወጣቶችን መሰብሰብ አብቅቶ መግዛት የሚጀመርበትን ዓመት በይፋ እንድትነግሩን ነው። የድል ቁጥር ቃል እንድትገቡ አልጠይቅም፤ ቤዝቦል ለእንዲህ ያለ ቃል አይመችም። የምጠይቀው ለምሳሌ፣ ዊሊትስ ወደ ሜጀር ሊግ እስኪደርስ እንጠብቃለን ካላችሁ እንደዚያው እንድትሉን፣ ወይም በሚመጣው ክረምት አንድ አስተማማኝ ወርዋሪ እናመጣለን ካላችሁ እንደዚያ እንድትሉን ነው። አቶ ቶቦኒ በቦስተን ወጣቶችን በመምረጥና በማሳደግ ስም ያተረፉ ሰው ናቸው፤ አቶ ቡቴራ ደግሞ በ33 ዓመታቸው፣ ልጆችን በማሠልጠን ከሚታወቀው ከታምፓ ቤይ ነው የመጡት። ሁለቱም ለዚህ የግንባታ ምዕራፍ የተመረጡ ትክክለኛ ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም። የጊዜ ገደቡን መወሰንና ቦርሳውን መክፈት ግን የእነርሱ ሥልጣን አይደለም፤ የባለቤቶቹ ነው፤ ይህን ጥያቄ በተለይ ለአቶ ማርክ ሌርነር የማቀርበውም ስለዚህ ነው።

እስከዚያው ድረስ በሚቻለኝ ጊዜ ሁሉ ወደ ሜዳው እመጣለሁ። ምላሻችሁ ግን የሊጉ ስምምነት ከሚያበቃበት ከዲሴምበር 1 ቀን በፊት ቢደርሰን እንመርጣለን፤ ከዚያ ቀን በኋላ ድርድሩ የሚራዘም ከሆነ ክለቦች ሁሉ ለመጠበቅ በቂ ምክንያት ያገኛሉ፤ እኛም ሌላ ክረምት ያለ መልስ እንከርማለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነ ደጋፊ

ግልባጭ፦
በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚገኙ አማርኛ ተናጋሪ የናሽናልስ ደጋፊዎች በሙሉ